ማዕዘኑ አንድ አይደለም

ጤና ይስጥልኝ አድማጮች። ግራፊን የአንድ አቶም ውፍረት ያለው የካርቦን ንጣፍ ነው፤ ሁለት ንጣፍ ተዛንፎ ስለመደረቡ ሲነሳ ወሬው ሁሉ 1.1 ዲግሪ፣ «አስማተኛው ማዕዘን» ነው። እኔ ግን ያ ቁጥር በአንድ ናሙና ላይ እንኳ አንድ ሆኖ የማይገኝ መሆኑ ከሁሉ በላይ ያሳስበኛል።

ነጠላ አጥፋችሁ ወደ ብርሃን ብታነሱት፣ ሸማኔው ያልሠራው ሞገድ መሳይ ጥለት ይታያችኋል። ሁለት የግራፊን ንጣፎችም 1.1 ዲግሪ ሲዛነፉ በየ13 ናኖሜትሩ ገደማ የሚደጋገም ጥለት ይሠራሉ። አንዷ የጥለት ክፍል ከ10,000 በላይ የካርቦን አቶሞች አሏት። ቢስትሪትዘርና ማክዶናልድ እ.ኤ.አ. በ2011 እዚህ ማዕዘን ላይ የኤሌክትሮኖቹ ባንድ፣ ማለትም ሊይዙት የሚችሉት የኢነርጂ ክልል፣ ጠፍጣፋ እንደሚሆን አሰሉ። የባንዱ ስፋት ወደ 10 ሚሊኤሌክትሮን ቮልት ሲወርድ፣ ኤሌክትሮኖቹ የሚገፋፉበት ኢነርጂ 20 ገደማ ይሆናል። ያኔ እያንዳንዱ ኤሌክትሮን ጎረቤቱን ሳያይ መንቀሳቀስ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2018 የኤምአይቲው የሃሪዮ-ኤሬሮ ቡድን በአንድ የጥለት ክፍል 2 ኤሌክትሮን ሲጨምር ወይም ሲቀንስ፣ መተላለፍ የነበረበት ጅረት ቆመ። የኤሌክትሮኑ ብዛት ከዚያ ትንሽ ፈቀቅ ሲል ደግሞ፣ በ1.7 ኬልቪን ሱፐርኮንዳክተር፣ ማለትም ጅረትን ያለ ምንም ተቃውሞ የሚያሳልፍ፣ ሆነ።

አሠራሩ ላይ ልቆይ፤ ጉዱ ያለው እዚያ ነው። አንዱን የግራፊን ቁራጭ ለሁለት ከፍሎ፣ ግማሹን በቦሮን ናይትራይድ፣ ጅረት በማያሳልፍ ስስ ክሪስታል፣ አንስቶ፣ መቆሚያውን አዙሮ ቀሪውን ማንሳት ነው። ከአንድ ቁራጭ ስለመጡ የሁለቱ አቅጣጫ አስቀድሞ ይታወቃል። መቅደድ ንጣፉን ይጎትተዋል፤ በሌዘር ወይም በኤኤፍኤም (ገጽን በመርፌ የሚዳስስ ማይክሮስኮፕ) መርፌ መቁረጥ ይሻላል። ማዞሪያውን ከታሰበው ትንሽ አስበልጡ፣ ንጣፎቹ ወደ ኋላ መመለስ ይወዳሉና። ምክንያቱ ኢነርጂ ነው፤ ያለ ዝንፈት መደራረብ ይቀላቸዋል።

እዚህ ጋ ሁለት ፍላጎት ይጋጫል። በንጣፎቹ መሃል የታሰረውን የቆሻሻ አረፋ ለማስወጣት ሙቀት ይረዳል፤ ሙቀት ግን ማዕዘኑን ይፈታዋል። ስለዚህ ናሙናውን በምድጃ አታጽዱት። አረፋ የሌለበትን ቦታ በኤኤፍኤም ፈልጋችሁ እዚያው ላይ ብቻ መሣሪያውን ቅረጹ። የባርሴሎናው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2019 አረፋውን በሜካኒካዊ መንገድ ገፍቶ በማስወጣት፣ በ10 ማይክሮን ውስጥ የማዕዘኑን ልዩነት ወደ 0.02 ዲግሪ አወረደው። ቀድሞ ያልታዩ የሱፐርኮንዳክተር ክልሎችም ወጡ፤ ሱፐርኮንዳክተር የሚሆንበት ሙቀትም ወደ 3 ኬልቪን ከፍ አለ። ፊዚክሱ ያው ነው፣ የተለወጠው ንጽሕናው ነው።

ማዕዘኑን ከየት እናውቃለን? ባንዱ ሲሞላ፣ ማለትም በአንድ ክፍል 4 ኤሌክትሮን ሲገባ፣ ሬዚስታንሱ (ለጅረት ያለው ተቃውሞ) ይነሳል። በ1.1 ዲግሪ ይህ በካሬ ሴንቲሜትር 2.8 ትሪሊዮን ኤሌክትሮን ነው፤ በ1.0 ዲግሪ 2.3። በየኮንታክቱ (የኤሌክትሪክ መገናኛው) ጥንድ ለየብቻ ለኩት። በአንዱ ጥንድ 1.1፣ በቀጣዩ 1.0 ካገኛችሁ፣ በአንድ ጌት ቮልቴጅ፣ ማለትም ኤሌክትሮኑን በሚጨምረው ወይም በሚቀንሰው ቮልቴጅ፣ አንዱ ቦታ ጅረት ሲያግድ ሌላው ሱፐርኮንዳክተር ሊሆን ይችላል። ሬዚስታንሱ ወደ ዜሮ ስላልወረደ «ሱፐርኮንዳክተር የለም» ማለት አይቻልም፤ አንድ ጥንድ ላይ ስለወረደም ናሙናው ሁሉ ሆነ ማለት አይቻልም።

እንግዲህ ጥናት ስታነቡ ሱፐርኮንዳክተር ከሆነበት ሙቀት በፊት የማዕዘን ካርታውን፣ ማዕዘኑ በየቦታው ስንት እንደሆነ የሚያሳየውን፣ ፈልጉ። የቦሮን ናይትራይዱ አቅጣጫ ከግራፊኑ ጋር መገጣጠም አለመገጣጠሙንም እዩ። የስታንፎርድ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2019 በባንዱ 3/4 ሙሌት አካባቢ ማግኔትነት ያገኙት በተገጣጠመ ናሙና ነው፤ ይህ ካልተጻፈ ሁለት ናሙናዎችን ማነጻጸር ከንቱ ነው።