ጭልፊቷ፣ ድሮኑና የሳሳው አየር

እንደምን ዋላችሁ! መምህራን፣ ተማሪዎች፣ ወንበር አጥታችሁ ከኋላ የቆማችሁም። ጽፌ የመጣሁት ፈርቼ አይደለም፤ ስለ በረራ አፌን ከከፈትኩ ማቆሚያ ስለሌለኝ ነው።

ልጅ ሳለሁ ቤታችን ሥጋ ቤት አጠገብ ነበር። ጭልፊቶች ከላይ ሲያንዣብቡ ይውላሉ። አንድ ቀን አንዷ እጄ ላይ ያለውን ዳቦ ሞጭልፋ እብስ አለች። እናቴ ለዳቦው የደነገጥኩ መስሏት ሌላ ቆርሳ ሰጠችኝ። የኔ ዓይን ግን ጅራቷ ላይ ቀርቷል። ልትታጠፍ ስትል ክንፏን ሳታራግብ ጅራቷን ብቻ ጠምዘዝ ታደርጋለች፣ እንደ መሪ። እዚያው ተለከፍኩ።

አሁን የኤሮስፔስ ኢንጂነሪንግ ማስተርስ ተማሪ ነኝ፤ የምመራመረው ድሮን ላይ ነው። የመጀመሪያው ድሮኔ ኮምፒውተር ላይ አንደኛ ነበር። ሜዳ ወስደን ስናስነሳው (ፈቃድ አውጥተን ነው፣ እናንተም ዝም ብላችሁ እንዳትሞክሩ) ሞተሮቹ ጮኹ፣ ጉልበቴ ድረስ ተነሳ፣ ከዚያ ዘጭ! አንድ ክንዱ፣ ሞተር የሚሸከመው ዘንግ ማለቴ ነው፣ ለሁለት ተሰበረ። ሞተሩ ነው፣ የለም ባትሪው ነው ስንባባል ሳምንት አለፈ። ለካ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ስሌቱን የሠራሁት ባሕር ጠለል ላይ ባለው አየር ነበር።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ነው ያለችው፤ አየሯም ከባሕር ዳርቻው በ20 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ፕሮፔለር፣ ማለትም የሚሽከረከረው ክንፍ፣ ድሮኑን የሚያነሳው አየር ወደ ታች እየገፋ ነው። የሚገፋው አየር ሲሳሳ ያንኑ ክብደት ለመሸከም በ12 በመቶ ያህል ፈጥኖ መዞር አለበት፣ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። አውሮፕላንም ቦሌ ላይ ረዘም አድርጎ የሚንደረደረው ለዚህ ነው።

የባሰም አለ። ማርስ ላይ ያለው አየር ከኛው 1 በመቶ ገደማ ቢሆን ነው። ናሳ በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. እዚያ ያስነሳት ኢንጀኒዊቲ የምትባል ሄሊኮፕተር 1.8 ኪሎ ብቻ ናት፤ ክንፎቿ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ 1.2 ሜትር ይሆናሉ፣ በደቂቃም 2,400 ጊዜ ያህል ይሽከረከሩ ነበር። ለ5 በረራ ታስባ 72 ጊዜ በረረች! ይህን ሳነብ ነው ሞተሩን መውቀስ ትቼ ረዘም ያለ ፕሮፔለር የገጠምኩት። በሦስተኛው ሙከራ ድሮኑ ጭንቅላቴን አልፎ አየር ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። አልዋሽም፣ እልል ብያለሁ።

በፌስታል ይዤ የመጣሁት ያንን የተሰበረ ክንድ ነው። ከፊት ጀምሮ ይዙር፣ ስብራቱን በጣታችሁ ዳስሱት። ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ፤ ክንዱን ግን መልሱልኝ፣ ገና ሪፖርት አልጻፍኩበትም።