ኮንሶል ሎግ በኖድ ጄኤስ፦ ምን ያሳያል፣ ምን ይቆርጣል፣ ወዴት ይሄዳል

[ስክሪን ላይ፦ ተርሚናል፤ ትዕዛዝ የተባለ ኦብጀክት በኮንሶል.ሎግ ሲታተም]

ኮንሶል.ሎግ ዋጋን ወደ ስክሪን የሚያትም የጃቫስክሪፕት መስመር ነው፤ ኖድ ጄኤስ ደግሞ ጃቫስክሪፕትን ከብራውዘር ውጪ የሚያስኬድ ፕሮግራም። ስክሪኑ ላይ ያለው ኦብጀክት፣ ማለትም በስም የተሰየሙ ዋጋዎች ስብስብ፣ የግዢ ትዕዛዝ ነው። ትዕዛዙ ውስጥ ደንበኛ አለ፣ ደንበኛው ውስጥ አድራሻ፣ አድራሻው ውስጥ የካርታ ነጥብ። የካርታው ነጥብ ላይ ስንደርስ ግን የሚታየው በቅንፍ የታሰረ «ኦብጀክት» የሚል ቃል ብቻ ነው። ዳታውን ውሃ አልበላውም። ኖድ ኦብጀክትን ወደ ጽሑፍ ሲቀይር ከውጪኛው በታች ሁለት ደረጃ ብቻ ነው የሚወርደው። ሙሉውን ለማየት ኮንሶል.ዲር ተጠቀሙ፤ ሁለተኛው አርጊዩመንት ላይ ዴፕዝን (የሚወርድበትን ጥልቀት) ነል፣ ማለትም ገደብ የሌለው፣ አድርጉት።

ቆረጣው እዚህ ላይ አያበቃም። 250 ዕቃ ያለው አሬይ (ተከታታይ ዝርዝር) ስታትሙ 100 ብቻ ይወጣና ከታች «150 ተጨማሪ» የሚል መስመር ይከተላል። ስክሮል ስታደርጉ ያቺን መስመር ካለፋችኋት ዳታቤዙ 100 ብቻ የመለሰ ይመስላችኋል። ስለዚህ አሬይ ስታትሙ ሌንግዙንም (የዕቃውን ብዛት) አብራችሁ አትሙ። ኦብጀክት ውስጥ ያለ ረጅም ጽሑፍም 10,000 ፊደል ላይ ይቆረጣል።

ብዙ ሰው ከዚህ ለማምለጥ ኦብጀክትን ወደ ጄሰን ጽሑፍ የሚቀይረውን ጄሰን.ስትሪንጊፋይ ይጠቀማል። ለምርመራ አልመክረውም፤ የሚደብቀው ከዚህ የባሰ ነው። ዋጋቸው አንዲፋይንድ (ያልተሰጠ) የሆኑ ፊልዶች ድራሻቸው ይጠፋል። ማፕ (የቁልፍና የዋጋ ስብስብ) ባዶ ቅንፍ ሆኖ ይወጣል። ኤረር ኦብጀክትም እንደዚያው ባዶ ቅንፍ ይሆናል፤ መልእክቱም ስታኩም (የጥሪዎቹ ዱካ) የለም። ቢግኢንት (ለትልልቅ ሙሉ ቁጥሮች የሚያገለግል ዓይነት) ወይም ዞሮ ራሱን የሚጠቅስ ኦብጀክት ካገኘ ደግሞ ታይፕ ኤረር ይወረውራል። ልታዩት ያስገባችሁት መስመር ራሱ ሪኩዌስቱን (ወደ ሰርቨሩ የመጣውን ጥያቄ) ጣለው ማለት ነው።

[ስክሪን ላይ፦ በመደመር ምልክት የተያያዘ ጽሑፍና ኦብጀክት፤ ከዚያ በኮማ የተለያየ]

ጽሑፍና ኦብጀክት በመደመር ምልክት አታያይዙ፤ በኮማ ለዩአቸው። «ፕሮሚስ፣ ፔንዲንግ» (ውጤቱ ገና አልደረሰም) የሚል ከወጣ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ውጤቱን ጠብቅ የሚለው ቃል፣ አዌይት፣ ተረስቷል።

አሁን ወደ መውጫው እንሂድ። ሰርቨር ላይ ኮንሶል አንድ በር አይደለም። ሎግ፣ ኢንፎ እና ዲባግ በቁጥር 1፣ በስታንዳርድ አውትፑት ይወጣሉ። ኤረር፣ ዋርን እና ትሬስ በቁጥር 2፣ በስታንዳርድ ኤረር ይወጣሉ። ተርሚናል ላይ ሁለቱም ተደባልቀው ስለሚታዩ ልዩነቱ አይታወቅም።

[ስክሪን ላይ፦ ኖድ ሰርቨር.ጄኤስ > ውጤት.ሎግ 2> ስህተት.ሎግ]

የመጀመሪያውን ምልክት ብቻ ከጻፋችሁ ስህተቶቹ ፋይሉ ውስጥ አይገቡም። «ሎጉ ውስጥ ምንም ኤረር የለም» ሲባል መጀመሪያ የሚጣራው ይህ ነው። ሁለቱንም አንድ ፋይል ውስጥ ለማስገባት መጨረሻው ላይ 2>&1 ጨምሩ፤ ከፋይሉ ስም በፊት ካስገባችሁት ግን አይሠራም፣ ሼሉ (ተርሚናል ላይ የምትጽፉትን የሚያነበው ፕሮግራም) ቅደም ተከተሉን ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሚያነበው።

ካች (ስህተት የሚያዝበት የኮድ ክፍል) ውስጥ ስትሆኑ የኤረሩን መልእክት ብቻ አታትሙ። ኤረሩን እንዳለ ለኮንሶል.ኤረር ስጡት፤ ያኔ ስህተቱ የተነሳበት ፋይልና የመስመር ቁጥር አብሮ ይወጣል። ፋንክሽኑን ማን እንደጠራው ማወቅ ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት፣ ኮንሶል.ትሬስ ምንም ሳይወረውር ዱካውን ያሳያችኋል።

አንድ ወጥመድ አለ። ፕሮግራሙ ብዙ ጽሑፍ አትሞ ወዲያው ራሱን የሚዘጋበትን ፕሮሰስ.ኤግዚት ሲጠራ የመጨረሻዎቹ መስመሮች ሊጠፉ ይችላሉ፣ በተለይ ውጤቱ በፓይፕ ወደ ሌላ ፕሮግራም ሲሄድ። ጽሑፉ ገና ተጽፎ ሳያልቅ ፕሮሰሱ ይዘጋል። በዚያ ፋንታ ፕሮሰስ.ኤግዚትኮድን (የመውጫ ቁጥሩን) 1 አድርጋችሁ ፕሮግራሙ በራሱ ጊዜ እንዲጨርስ ተዉት። ወደ ፋይል ሲጻፍ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ ጽሑፉ እስኪገባ ኖድ ቆሞ ይጠብቃል። አሥር ሺህ ጊዜ በሚዞር ሉፕ ውስጥ የገባች አንዲት ሎግ ሌሎቹን ሪኩዌስቶች ሁሉ ታስጠብቃለች።

[ስክሪን ላይ፦ ዩቲል.ዲባግሎግ፣ ስሙ «ክፍያ»]

የምርመራ መስመሮችን እየጻፉ እየሰረዙ ከመኖር ዩቲል.ዲባግሎግ ይሻላል። ስም ትሰጡታላችሁ፤ ፕሮግራሙ ሲነሳ ኖድ ዲባግ የተባለው ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል (ከኮዱ ውጪ የሚሰጥ ቅንብር) ያንን ስም ካልያዘ ዝም ይላል። ከያዘ ስሙንና የፕሮሰሱን ቁጥር ከፊት አድርጎ ያትማል። ኖድ ውስጥ አብሮ የመጣ ስለሆነ ምንም ፓኬጅ አይጫንም። ሰርቨሩ ለሕዝብ ከተከፈተ በኋላ ግን እንደ ፒኖ ያለ ሎገር (ሎግ የሚጽፍ ፓኬጅ) ያስፈልጋል፤ የመልእክቱን ደረጃ ይለያል፣ እያንዳንዱን መስመር በጄሰን ይጽፋል። የትኛውንም ብትጠቀሙ የሪኩዌስቱን ሄደር በሙሉ አታትሙ፤ የተጠቃሚው መግቢያ ቁልፍ የሆኑት ኦተራይዜሽን ቶክኑና ኩኪው እዚያ ውስጥ ናቸው። ሎግ ፋይል ደግሞ ብዙ እጅ ይገባል።

ማተም አልበቃ ሲል ኖድን በኢንስፔክት አማራጭ አስነሱት። በ127.0.0.1 (ከራሱ ማሽን ብቻ በሚደረስበት አድራሻ)፣ ፖርት 9229 ይከፍታል። ክሮም ላይ የኢንስፔክት ገጹን ከፍታችሁ ትገናኛላችሁ፤ የመስመር ቁጥሩ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ ሎግፖይንት ስትጨምሩ ኮዱን ሳትነኩ ዋጋው ይታተማል። ሰርቨሩ ሩቅ ከሆነ አድራሻውን ወደ 0.0.0.0 (ከውጪም ወደሚደረስበት) አትቀይሩ፤ ፖርቱ ላይ የደረሰ ሁሉ በፕሮሰሳችሁ ውስጥ የፈለገውን ኮድ ማስኬድ ይችላል። ፖርት 9229ን በኤስኤስኤች ታነል (በተመሰጠረ መተላለፊያ) ወደ ኮምፒውተራችሁ አምጡና ክሮምን በሎካልሆስት በኩል አገናኙት።