ዶርም ሲዘጋ መሄጃ የሌላቸው ተማሪዎች

ጤና ይስጥልኝ አድማጮች። የዛሬው ወሬያችን አሜሪካ ውስጥ በፎስተር ኬር ስላለፉና ማደሪያ አጥተው ስለሚማሩ የኮሌጅ ተማሪዎች ነው። ፎስተር ኬር ማለት ወላጆቻቸው ሊያሳድጓቸው ያልቻሉ ልጆችን መንግሥት በሌላ ቤተሰብ ዘንድ ወይም በተቋም የሚያሳድግበት ሥርዓት ነው። ኮሌጅ ውስጥ የምትሠሩ፣ ወይም እንዲህ ያለ ልጅ የምታውቁ፣ በተለይ ለእናንተ ነው የማወራው።

ብዙ ሰው ጭንቁ የትምህርት ክፍያ ብቻ ይመስለዋል። ኮሌጅ ግን ሥርዓቱን የዘረጋው ከእያንዳንዱ ተማሪ ጀርባ ወላጅ አለ ብሎ ነው። ቅጹ የወላጅ ገቢ ይጠይቃል፣ አከራይ ዋስ ይፈልጋል፣ ዶርሙ ለገና ይዘጋል። ልጆቹ የሚጠፉብን እነዚህ ቦታዎች ላይ ነው።

ከፋፍሳ ልጀምር፤ የፌዴራሉን የትምህርት ገንዘብ ማመልከቻ ማለቴ ነው። 13 ዓመት ከሞላው ወዲህ ለአንድ ቀንም ቢሆን ፎስተር ኬር ውስጥ የነበረ ልጅ ራሱን እንደቻለ ተማሪ ይቆጠራል፤ የወላጅ ገቢ አይጠየቅም። በኋላ በጉዲፈቻ ቢወሰድም ያው ነው። ብዙዎቹ ግን “እኔ እኮ ከወጣሁ ቆየሁ” ብለው “አይደለሁም” የሚለውን ይመርጣሉ። ቅጹም የወላጅ መረጃና ፊርማ ይጠይቅና እዚያው ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ቤት ማጣት ደግሞ ከዚህም ይበልጥ ይደበቃል። ከሰው ሶፋ ሶፋ እየዞረች የምታድር ልጅ “ቤት የለኝም” አትልም፤ “ጓደኛዬ ጋ ነኝ” ነው የምትለው። ስለዚህ “ቤት አልባ ነሽ ወይ?” አትበሏት። “ዛሬ ማታ የት ታድሪያለሽ? እዚያስ እስከ መቼ መቆየት ትችያለሽ?” በሏት። ሕጉ የሚያየው ቋሚ፣ መደበኛና በቂ ማደሪያ መኖር አለመኖሩን ስለሆነ ሶፋውም፣ ሞቴሉም፣ መኪናውም ይገባሉ።

እንዲህ ያለችውም ልጅ በፋፍሳ ራሷን እንደቻለች ተማሪ እንድትቆጠር የሚያስፈልገውን ማረጋገጫ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቷ የቤት አልባ ተማሪዎች ተጠሪ ወይም የመጠለያ ኃላፊ ሊጽፍላት ይችላል። ከሌሉ የኮሌጁ ፋይናንሻል ኤይድ፣ ማለትም የትምህርት ገንዘብ ድጋፍ፣ ቢሮ በጽሑፍ መግለጫዋ ወይም በቃለ መጠይቅ ራሱ መወሰን አለበት፤ “ደብዳቤ አምጪ” ብሎ መመለስ አይችልም። ደብዳቤው አጭር ይሁን፦ ስም፣ የልደት ቀን፣ ያለ አሳዳጊ ቤት አጥታ የቆየችበት ጊዜ፣ የጸሐፊው ኃላፊነትና ፊርማ። ለ2025-26 የትምህርት ዓመት ከሆነ ጊዜው ከጁላይ 1 ቀን 2024 ወዲህ ያለው ነው። ከቤት ለምን ወጣሽ ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ምክንያቱ ለውሳኔው አይቆጠርም። በዚያው ኮሌጅ እስከቀጠለች ድረስ፣ የሚጋጭ መረጃ ካልመጣ፣ በየዓመቱ እንደ አዲስ ማስረዳትም የለባትም።

በፎስተር ኬር ላለፉ የቻፊ ቫውቸር የሚባል የትምህርት ገንዘብ ድጋፍ አለ፦ በዓመት እስከ 5,000 ዶላር፣ ቢበዛ ለ5 ዓመት፣ እስከ 26 ዓመት ዕድሜ። የሚያስተዳድረው ስቴቱ ነው፤ ቀነ ገደቡም ከስቴት ስቴት ይለያያል። 18 ሲሞላቸው ፎስተር ኬርና ሜዲኬይድ፣ ማለትም የመንግሥት የጤና መድን፣ ላይ የነበሩም ገቢያቸው ሳይታይ እስከ 26 ዓመት ሜዲኬይድ ያገኛሉ። ይህንን የሚነግራቸው ሰው እምብዛም ነው።

አሁን ወደ ጊዜው ልምጣ፤ ችግሩ የሚብሰው እዚህ ነው። ዲፖዚትና የመጀመሪያ ወር ኪራይ የሚከፈለው ኦገስት ላይ ነው፤ ከድጋፉ የትምህርት ክፍያው ተቀንሶ የሚተርፈው ገንዘብ ግን ተማሪው እጅ የሚገባው ትምህርት ከተጀመረ በኋላ ነው። አስቸኳይ እርዳታ የምትሰጡ ከሆነ “ከፍለህ ደረሰኝ አምጣ” አትበሉ። ከፍሎ የሚጠብቅበት ቢኖረው መች ይመጣ ነበር?

ዶርሙን በሴፕቴምበር ጠይቁ፦ በየትኛው ቀን፣ ስንት ሰዓት ይዘጋል? ካፍቴሪያውስ? ክፍሉ ክፍት ሆኖ ካፍቴሪያው ከተዘጋ ልጁ ጾሙን ነው የሚከርመው። ከመነሻው የ12 ወር የዶርም ውል ማስፈረም ከሁሉም ይሻላል።

ሌላው ወጥመድ ዝም ብሎ መጥፋት ነው። ሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳይደርስ ያቋረጠ ተማሪ ካገኘው የፌዴራል ድጋፍ የተወሰነው ለመንግሥት ይመለሳል፤ ኮሌጁም ልዩነቱን ከእሱ ሊጠይቅ ይችላል። በዕዳው ምክንያት በሚቀጥለው ሴሚስተር ምዝገባ ሊከለከል ይችላል። ውጤቱ ወርዶ ድጋፉ ከተቋረጠ ደግሞ ይግባኝ አለ። ደብዳቤው ሁለት ነገር ይመልስ፦ ምን ደርሶበት ነበር፣ አሁንስ ምን ተለወጠ? ሁለተኛውን የሚረሱት ብዙ ናቸው፤ ይግባኙም ውድቅ የሚሆነው በዚሁ ነው።

ተማሪውን ወደ ሌላ ቢሮ ስትልኩትም “ሂድና ጠይቅ” አትበሉት። እሱ እፊታችሁ ተቀምጦ ሳለ ደውሉ፤ የሚቀበለውን ሰው ስም ጽፋችሁ ስጡት፤ ታሪኩን ከፈቀደው በላይ አታውሩ።