አብዶ የሠራ ልጅ ለምን ይቀየራል?

አሰላሙ አለይኩም፤ ጤና ይስጥልኝ። የተከበራችሁ ወላጆች፣ አሰልጣኞች፣ የሰፈር ሽማግሌዎች፣ ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ ደሴ የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ እናንተም ልጆች፣ እንኳን ለክረምቱ የልጆች እግር ኳስ ውድድር መዝጊያ በሰላም አደረሳችሁ።

ስለ ሥነ ምግባርና ስለ ሰዓት ማክበር እንድናገር ነበር የተጠየቅሁት። እደርስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ሆዴ ውስጥ የሰነበተ አንድ ነገር አለ፤ ስለ አብዶ፣ ተከላካይን በሰውነት አታሎ ስለማለፍ።

ግማሽ ፍጻሜውን አብዛኞቻችሁ አይታችኋል። ዝናቡ አባርቷል፤ ሜዳው ገና ጭቃ ነው። ያ ቀጭኑ የቀኝ መስመር ልጅ ኳስ ይዞ ሄደ። ተከላካዩ በቁመትም በጉልበትም ይበልጠዋል። ልጁ ፊቱ ሲደርስ ፍጥነቱን ቀነስ አደረገ። ቀና ብሎ ወደ መሐል አየ። አንገቱን ወደዚያው ሰበቅ፣ የግራ ትከሻውን ጣል አደረገ። ኳሷን ግን አልነካትም። ተከላካዩ ወደ መሐል ሲሳብለት በቀኝ እግሩ ውጫዊ ጎን ገፋ አድርጓት በመስመሩ በኩል እልም አለ። ሜዳው በጭብጨባ ተናጋ። እኔም ተነሥቼ አጨበጨብኩ።

ያሻገራት ኳስ ጎል አልሆነችም። ወዲያው ከአሰልጣኙ በኩል «አብዶውን ተውና አቀብል!» የሚል ጩኸት መጣ። ብዙም ሳይቆይ ልጁ ተቀይሮ ከሜዳ ወጣ። ማሊያውን ፊቱ ላይ ጎትቶ አለቀሰ። ከኋላዬ አንድ አባት «ይበለው፣ ጉረኛ!» አሉ።

ጉራ አይደለም! እውቀት ነው! ተከላካይ ያየውን ይከተላል። ጭንቅላትና ትከሻ ሲያዘነብሉ ሰውየው ወደዚያ የሚሄድ ይመስለዋል፤ ክብደቱን በአንድ እግሩ ላይ ይጥላል። ያንን ክብደት መልሶ ወደ ሌላው ጎን እስኪያዞር ጊዜ ይፈጅበታል። ቅጽበት ናት፤ ግን ለፈጣን ልጅ ትበቃለች። ለዚህ ነው በሳል ተከላካይ ፊት የማያየው፤ ዓይኑን ወገብና ኳስ ላይ ይተክላል። ታዲያ ጉልበት የሌለው ልጅ በዚህ ካላለፈ በምን ይለፍ? እስኪ ንገሩኝ!

ሕጉም አይከለክለውም። ፍጹም ቅጣት ምት ሲመታ እንኳ በመንደርደር ላይ እያሉ ማታለል ይፈቀዳል፤ ጥፋት የሚሆነው መንደርደሩ ካለቀ በኋላ ነው።

ጋሪንቻን አስታውሱ። እግሮቹ የተንጋደዱ ብራዚላዊ። ወደ ቀኝ እንደሚያመልጥ ተከላካዮቹ ያውቃሉ። ሰውነቱን ወደ ግራ ሲያወዛውዝ ግን አብረውት ይወዛወዙ ነበር። በ1958 እና በ1962 እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫ አነሣ። በዚያው 1962 እኛም ግብፅን 4 ለ 2 ረትተን የአፍሪካ ዋንጫን ወስደናል፤ የመንግሥቱ ወርቁ ስም እስከ ዛሬ ይነሣል።

ላክሮስ የሚባል ጨዋታም አለ። የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ጨዋታ ነው፤ ኳሷ የምትያዘው ጫፉ ላይ መረብ ባለው ዱላ ነው። በ2028 እ.ኤ.አ. በሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ይመለሳል። እዚያም አጥቂው ወደ ላይ እያየ ወደ ታች ይመታል፤ በጭንቅላቱ አንዱን ጎን አሳይቶ በሌላው ያልፋል። አሰልጣኞቹ ይህን ቁጭ ብለው ያስተምራሉ። እኛ እንቀጣበታለን!

የደሴ ልጅ በዚህ ዳገትና በዚህ ቀዝቃዛ አየር ያደገ ነው፤ ሳንባ አያንሰውም። ያነሰው የመሞከር ነፃነት ነው።

ሰዓት ስለማክበር፦ እባካችሁ በሰዓቱ እንምጣ። ሥነ ምግባርም ከእኛ ከትልልቆቹ አፍ ይጀምር።

ለአዘጋጆቹ ጥያቄ አለኝ። ከሚቀጥለው ክረምት ጀምሮ፣ ልጅ አብዶ ሞክሮ ኳስ ስለተነጠቀ ብቻ እንዳይቀየር አሰልጣኞች ከውድድሩ በፊት ይስማሙበት። በየልምምዱም ለአንድ ለአንድ ጨዋታ ጊዜ ይመደብ። እኔ ቅዳሜ ጠዋት ሆጤ ሜዳ እገኛለሁ። ልጁን የሚያመጣ ይምጣ፤ አብሮኝ የሚያሠለጥን ካለም ደስ ይለኛል። አመሰግናለሁ።