በያጁ የሚያነበው ሰንጠረዥ፦ የሬቪት ስኬጁል አቀራረብ

[ስክሪን፦ ገና ያልተነካ የበር ስኬጁል]

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ከረማችሁ! ዛሬ ከባሕር ዳር ነኝ። መብራት አለ፤ ሳይሄድ እንጀምር።

ባለፈው ደብረ ማርቆስ ላይ ለሚሠራ አንድ ቤት ሬቪት በሚባለው የሕንፃ ንድፍ ሶፍትዌር ያወጣሁትን የበር ስኬጁል (የበሮቹን ልክና ብዛት የሚዘረዝር ሰንጠረዥ) አትሜ ላክሁ። በማግስቱ በሮቹን የሚሠራው በያጅ ደወለ። "አንተ ልጅ፣ ዘጠኝ መቶ በሁለት ሺህ አንድ መቶ ትላለህ። የቤት በር ነው የደብር?"

እሱ ሳቀ፤ እኔ አፈርሁ። ጋሼ ዕድሜውን ሙሉ "ዘጠና በሁለት መቶ አስር" ሲል የኖረ ሰው ነው። ሜትሩን ዘርግቶ የሚያነበው በሴንቲ ነው። እኔ ደግሞ ሬቪት በሚሊ ሜትር የሰጠኝን እንዳለ አትሜዋለሁ።

[ስክሪን፦ ፕሮፐርቲስ፣ ጠቋሚው ፎርማቲንግ ላይ]

ስኬጁሉን ክፈቱ። በፕሮፐርቲስ በኩል ፊልድስ፣ ፊልተር፣ ሶርቲንግ፣ ፎርማቲንግ፣ አፒራንስ የሚሉ አሉ። የትኛውንም ብትጫኑ የሚከፈተው ያው አንድ መስኮት ነው። (የቤቱን መስኮት ማለቴ አይደለም።)

ፎርማቲንግ ውስጥ ስፋት የሚለውን ፊልድ (አምድ) ምረጡ። ከዚያ ፊልድ ፎርማት። "የፕሮጀክቱን አሠራር ተጠቀም" የሚለውን ምልክት አንሱ። አሃዱን ሴንቲ ሜትር፣ ከነጥብ በኋላ ያለውን ቁጥር ዜሮ አድርጉት። ቁመቱንም እንደዚሁ። ይሄ የሚለወጠው በዚህ ስኬጁል ላይ ብቻ ነው። ፕላኑ ላይ ያለው ልኬት በሚሊ ሜትር እንደነበረ ይቆያል፤ አትስጉ።

እዚያው ሄዲንግ የሚል ቦታ አለ። "ስፋት"፣ "ቁመት"፣ "ብዛት" ብላችሁ በአማርኛ ጻፉበት። የፊልዱ ስም አይነካም፤ የሚለወጠው አናቱ ላይ የሚታየው ጽሑፍ ነው።

[ስክሪን፦ የመስኮት ስኬጁል፣ የስፋትና የካሬ አምዶች]

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሸወድበት ልውሰዳችሁ። እኔም ተሸውጃለሁ።

በር በፍሬ ይቆጠራል። መስኮት ግን ብዙ ጊዜ በካሬ ነው ዋጋ የሚወጣለት። ስለዚህ ፊልድስ ውስጥ ካልኩሌትድ ቫሊዩ (ሬቪት ራሱ የሚያሰላው አምድ) ጨምሬ ስፋትን በቁመት አባዛሁ፤ ዓይነቱን ኤሪያ (ስፋት በካሬ) አልሁት። ከዚያ ሶርቲንግ ውስጥ በታይፕ ማርክ (በየዓይነቱ መለያ) ደርድሬ፣ ኢተማይዝ ኤቭሪ ኢንስታንስ (እያንዳንዱን ለየብቻ ዘርዝር) የሚለውን ምልክት አጠፋሁ። አሥራ ሁለቱ አንድ ዓይነት መስኮቶች በአንድ ረድፍ ተሰበሰቡ። ብዛት 12፣ ካሬ 1.8። ያምራል አይደል?

ስህተት ነው! መስኮቱ 120 በ150 ነው። 1.8 የአንዱ ካሬ ነው። የአሥራ ሁለቱ 21.6 መሆን አለበት። ሬቪት አልዋሸም፤ ሁሉም ረድፎች አንድ ዓይነት ቁጥር ስለያዙ ያንኑ አንዱን አሳየን። ደምር አላልነውም። ፎርማቲንግ ውስጥ የካሬውን ፊልድ መርጣችሁ ካልኩሌት ቶታልስ (ድምሩን አስላ) በሉት፤ ያኔ 21.6 ይመጣል። የሥራ ዝርዝርና ዋጋ ስታዘጋጁ ይቺን ከረሳችሁ ሂሳቡ የት እንደሚደርስ እናንተው አስቡት።

የተሰበሰቡት መስኮቶች በአንድ ነገር ከተለያዩስ? ለምሳሌ አንዱ ከወለሉ 90 ሴንቲ፣ ሌላው 100 ሴንቲ ከፍ ብሎ ቢገባ፣ ከፍታውን የሚያሳየው ሳጥን ባዶ ይሆናል ወይም እንደ እትሙ "ይለያያል" የሚል ጽሑፍ ይወጣበታል። ባዶ ሳጥን ስታዩ አትለፉት፤ ሞዴሉ (በሬቪት የሠራነው ቤት) ላይ ያለ ስህተት ሊሆን ይችላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ስኬጁሉ ላይ የማትፈልጉትን ረድፍ ዴሊት አታድርጉ። ረድፉ ሲጠፋ በሩም ከቤቱ ይጠፋል። ስኬጁሉ እንደ ኤክሴል የተለየ ፋይል አይደለም፤ ያው ሞዴሉን የምናይበት ሌላ መንገድ ነው። ረድፍ እንዳይታይ ከፈለጋችሁ ፊልተር አለላችሁ። አምድ ከሆነ ፎርማቲንግ ውስጥ ሂድን ፊልድ (የተደበቀ አምድ) በሉት። በፎቅ መደርደር ፈልጋችሁ የፎቁ ስም ግን እንዳይታተም ስትሹ እሱ ነው መድኃኒቱ።

[ስክሪን፦ ስኬጁሉ ሺት ላይ]

የመስመሩ ውፍረት የሚታየው ሺት (የሚታተመው ገጽ) ላይ ስታስቀምጡት ነው። ስኬጁሉ ውስጥ ሆናችሁ "ለምን አልተቀየረም" ብላችሁ አትጨነቁ። የአምዱን ስፋት በትንንሾቹ ሦስት ማዕዘኖች ጎትቱ። ሰንጠረዡ ረጅም ከሆነ ጠርዙ ላይ ያለችውን የዚግዛግ ምልክት ተጫኑ፤ ለሁለት ይከፈላል። ከራስጌውና ከመረጃው መካከል ያለው ባዶ ረድፍ እኔን ያናድደኛል። አፒራንስ ውስጥ ምልክቱን ማንሳት ነው።

የአፒራንሱን ነገር ለመስኮቱም ለክፍሉም ስኬጁል ዳግመኛ አትልፉበት። ከዚህ ቪው ቴምፕሌት (ለሌላም የሚያገለግል ናሙና) አውጡና ሌሎቹ ላይ ጫኑት።

አስተካክዬ መልሼ ላክሁለት። ጋሼ አሁንም ደወለ። "ቁጥሩ ገባኝ፣ ተባረክ። ፊደሉ ግን ቁንጫ አክሏል፤ መነጽር ግዛልኝ።"

[ስክሪን፦ አፒራንስ፣ የቦዲ ቴክስት ዝርዝር]

መነጽሩን አልገዛሁም። ኒያላ ፊደል ያለው፣ ወረቀት ላይ 3.5 ሚሊ ሜትር የሚሆን የቴክስት ዓይነት ፈጠርሁ። ከዚያ አፒራንስ፣ ቦዲ ቴክስት፣ እሱን መረጥሁ። ኦኬ።