ፀጉሬ አሁንም ጭስ ይሸታል

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ህዳር 13 ነው። ቡናዬን ሳልጨርስ ነው ድምፄን መቅዳት የጀመርኩት፣ የሲኒ ድምፅ ከሰማችሁ እሱ ነው። ፀጉሬ አሁንም ጭስ ይሸታል። ትናንት ህዳር ሲታጠን ነበር፣ አዲስ አበባ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ አመሻሹ ላይ ሰማዩ ራሱ ግራጫ ሆኖ ነበር።

ዛሬ ስለ ቅጠል ነው የማወራችሁ። ስለ ቅጠልና ስለ ጭስ፣ በእጅ ስለሚሠራ ነገር። ስለ ጸሎትም አወራለሁ፣ ምክንያቱም እኔ ባደግኩበት ቤት እነዚህ ነገሮች ተለያይተው አያውቁም።

ከትናንት ልጀምር። የኛ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ልጆቹ ከሰዓት ጀምረው ቆሻሻ ሲሰበስቡ ዋሉ። ሲሯሯጡ ደስ ይሉ ነበር። ክምሩን ጠጋ ብዬ ሳይ ግን ፌስታል ነው፣ የውሃ ፕላስቲክ ነው፣ አሮጌ ጫማ ነው፣ ዳይፐር ሳይቀር አለበት። እሳቱ ሲለኮስ ጭሱ ጥቁር ሆኖ ወጣ። ጉሮሮ ይይዛል። አስም ያለባት አንዲት ትንሽ ልጅ አለች እኛ ብሎክ፣ እናቷ አፍና አፍንጫዋን በነጠላ ሸፍና፣ አቅፋት እየሮጠች ከግቢ ስትወጣ አየሁ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በጣም ነው ያዘንኩት።

ይሄ ቀን ከየት እንደመጣ አስታውሱ። በ1911 ዓ.ም. ነው፣ ዓለም ስፓኒሽ ፍሉ የሚለው፣ እኛ ደግሞ የህዳር በሽታ የምንለው ወረርሽኝ አዲስ አበባን ያጠቃት። ራስ ተፈሪም ታመው ነበር። ቀባሪ የጠፋበት ጊዜ ነበር። ከዚያ ወዲህ ነው በየዓመቱ ህዳር 12 ቤቱም ሰፈሩም ተጠርጎ ቆሻሻው የሚቃጠለው። እና ያኔ የሚጠረገው ምን ነበር? ጭድ፣ ገለባ፣ የደረቀ ቅጠል፣ ስንጥርጣሪ። በሽታ እንዲርቅ ተብሎ የተጀመረ ነገር ዛሬ ልጅ ካሳመመ አንድ ቦታ ላይ ተሳስተናል። ቀኑን አንተወው፣ እኔ በፍፁም እንዲቀር አልፈልግም። ፕላስቲኩን ግን ከእሳቱ እናውጣው። በሚቀጥለው ዓመት እኔ ራሴ ከልጆቹ ጋር ቆሜ እለያለሁ፣ ለኮሚቴውም ነግሬያለሁ።

ትናንት እኔ ምን አደረግኩ? ወደ ቤቴ ገባሁና የአያቴን ቅል አወረድኩ።

አያቴ ደብረ ታቦር አካባቢ ነበረች። ነፍሷን ይማርና፣ ከሷ የቀረኝ ዕቃ ይሄ የወተት ቅል ብቻ ነው። አንገቱ ላይ ትንሽ ተሰንጥቆ ነበር፣ እሷው በጠፍር ሰፍታዋለች፣ ስፌቱ አሁንም አለ። መጀመሪያ በግራዋ ቅጠል ነው የሚታጠበው። ግራዋውን ጭብጥ አድርጋችሁ ትከቱትና፣ ትንሽ ውሃ ጨምራችሁ ትንጡታላችሁ፣ አረንጓዴ አረፋ ያወጣል። መራራ ነው፣ ጣታችሁን በስህተት ከላሳችሁ ቀኑን ሙሉ አይለቅም። ከዚያ በደንብ ታጥቦ ይደርቃል። ከዚያ ነው የሚታጠነው። የወይራ ስንጥር ፍም እስኪሆን ትጠብቃላችሁ፣ ነበልባል ሲሆን አይደለም፣ ነበልባል ቅሉን ያቃጥለዋል። ጭሱ ነጭ፣ ወፍራም፣ ዝግ ያለ ሲሆን የቅሉን አፍ ትደፉበታላችሁ። ጭሱ ገብቶ ሲሞላ ከጠርዙ ሾልኮ በእጃችሁ ዙሪያ ይወጣል። አያቴ ያኔ ነበር "በስመ አብ" የምትለው። ስትጀምር አይደለም፣ ጭሱ ሞልቶ ሲወጣ ነው።

አንዴ ለምን እንደምናጥነው ጠየቅኳት። ልጅ ስለነበርኩ ሰይጣን ምናምን የምትለኝ መስሎኝ ነበር። "ወተቱ እንዲጥምና ቶሎ እንዳይበላሽ ነዋ ልጄ" አለችኝ። በቃ። እና "በስመ አብ" ማለቱስ? "ወተቱን የሰጠኝን ላመስግነው እንጂ!" አለች፣ የጠየቅኩት ነገር ገርሟት።

ይሄን መልስ ካደግኩ በኋላ ነው ደጋግሜ ያሰብኩት። ለሷ ሥራውና ምስጋናው አንድ ነበሩ። እጇ ቅሉን ሲይዝ አፏ ይጸልያል። ለጸሎት ብላ ሥራ አታቆምም ነበር፣ ቤተክርስቲያን ካልሄደች በቀር።

ቤተክርስቲያን ካልኩ አይቀር። ደቡብ ጎንደርን በመኪና ያለፈ ሰው ያውቀዋል፣ ሜዳው ሁሉ እርሻ ነው፣ ድንገት ከሩቅ አንድ ክብ ጥቁር አረንጓዴ ነገር ይታያል። ቀረብ ስትሉ መሀሉ ላይ የቤተክርስቲያን ጉልላት አለ። ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ሌላው ቦታ ላይ ያለቀው ዛፍ ሁሉ እዚያ ነው ያለው። የአያቴም ደብር እንደዚያ ነበር። የደረቀ ጭራሮ እንኳን ከዚያ አታነሳም፣ "የታቦቱ ነው" ትላለች። ለቅሉ የሚሆነውን ወይራ ከራሷ ጓሮ ነበር የምትቆርጠው፣ ያውም ትንሽ ቅርንጫፍ። እነዚህን ደኖች ለዓመታት ያጠኑት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ፣ ከአሜሪካዊቷ ተመራማሪ ከሜግ ሎውማን ጋር ሆነው፣ ካህናቱንና ገበሬውን አማክረው በየደኑ ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠራ አግዘዋል። ከብት ገብቶ ቡቃያውን እንዳይበላው ነው። ድንጋዩ ከየማሳው የተለቀመ ነው፣ ስለዚህ ማሳውም ከድንጋይ ይጸዳል። ይሄን ስሰማ በጣም ነው ደስ ያለኝ። አያቴ በአንድ ቃል የጠበቀችውን እነሱ በካብ ጠበቁት።

እሺ፣ አሁን ከባዱን ነገር ልናገር። አንዲት በጣም የምወዳት ጓደኛዬ ቤቴ መጥታ፣ ጥንጁት እያጨስኩ አግኝታኝ፣ "አንቺ፣ ይሄ ባዕድ አምልኮ አይደለም እንዴ?" አለችኝ። ተቆጥታ አይደለም፣ ተጨንቃልኝ ነው። ጥያቄዋን አልናቅኩትም። ምክንያቱም ጭስና ቅጠል ለፍርሃት የሚሸጡ ሰዎች አሉ። ጎረቤትሽ ናት ያሳመመችሽ፣ ይሄን አጭሺ፣ ይሄን እሰሪ፣ ይሄን ያህል ብር አምጪ የሚሉ። በዚህ የተነሳ የተጣላ ቤተሰብ አውቃለሁ። ከዚያ ጋር እኔ ምንም ጉዳይ የለኝም።

ግን ለጓደኛዬ እንዲህ አልኳት፦ ገና ባለፈው ሳምንት ነው ጽጌ የወጣው። ከመስከረም 26 እስከ ህዳር 5፣ 40 ቀን ሙሉ፣ ምድር በአበባ በተሸፈነችበት ወቅት፣ የእመቤታችንን ስደት እያሰብን እሷን በአበባ እየመሰልን እናመሰግናለን። ለሆሳዕና ዘንባባ ጠልፈን ቀለበት እንሠራለን። ቅዳም ስዑር ካህኑ የሰጠንን ቄጤማ ግንባራችን ላይ እናስራለን፣ ለኖኅ ውሃው መጉደሉን ያበሰረችውን ርግብ እያሰብን። ቅጠል ከእምነታችን ውጭ ሆኖ አያውቅም። እኔ ቅጠሉን አላመልክም፣ ቅጠሉን ይዤ ነው የማመሰግነው። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ ቡና ጠጣን፣ ጤናዳሙንም ሲኒዋ ውስጥ ከተተችው።

ጤናዳም ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ይሄ ቁም ነገር ነው። በረንዳዬ ላይ በአሮጌ የቀለም ባልዲ የተከልኩት ጤናዳም አለኝ። ሁለቱ ደርቀውብኝ ሦስተኛው ነው፣ ከታች ፎቅ ያሉ እማማ ናቸው ቁራጭ የሰጡኝ። ውሃ አብዝቼ እንደነበርም የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ግንቦት ላይ፣ ፀሐዩ ጠራራ በሆነበት ሰዓት፣ እጅጌዬን ሰብስቤ ስከረክመው ቆየሁ። በማግስቱ የእጄ አንጓ ቀላ፣ ከዚያ ውሃ ቋጠረ። ልክ የፈላ ውሃ እንደነካው። ለካ የጤናዳም ጭማቂ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል። ጥቁር ምልክቱ ሳምንታት ቆየ። ስለዚህ ስትቆርጡት በጠዋት ወይ በማታ ይሁን፣ እጃችሁንም ታጠቡ። ነፍሰ ጡር የሆናችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ፣ ጤናዳም ፅንስ ይጎዳል፣ በቡና ነው ተብሎ ዝም ብሎ አይጠጣም። የተፈጥሮ ነው ማለት ምንም አያደርግም ማለት አይደለም። ኃይል ያለው ነገር ስለሆነ ነው በክብር የሚያዘው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቅጠል ስነካ ቀስ እላለሁ። አሁን ለምሳሌ አጠገቤ አደስ አለ። ከሾላ ገበያ ነው የገዛሁት፣ ደርቋል፣ ዛሬ ማታ እወቅጠዋለሁ። የመጀመሪያው ምት ላይ ብዙም አይሸትም። ቅጠሉ ሲሰበር፣ ሲደቅ፣ ያ የሚያውድ ሽታ ሙቀጫውን ሞልቶ ይወጣና ቤቱን ያዳርሰዋል። ዱቄቱ ተነፍቶ ከለጋ ቅቤ ጋር ይታሻል፣ በመዳፍ፣ ቅቤው በእጅ ሙቀት እስኪለሰልስ። እኔ ስወቅጥ አቡነ ዘበሰማያት እላለሁ፣ የዘነዘናው ምት እና ቃሉ ሳላስበው አብረው ይሄዳሉ። ቁጭ ብዬ ለመጸለይ ስሞክር ሐሳቤ ስልኬ ጋ ነው፣ ሥራ ጋ ነው፣ ኪራይ ጋ ነው። ስወቅጥ ግን እዚያው ነኝ። ለኔ የሚሠራልኝ ይሄ ነው።

እና የሴቶች እጅ ያወቀው ነገር ተራ ነገር እንዳይመስላችሁ። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማን አስቡ። በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ፣ ገና ወጣት ተመራማሪ ሳሉ፣ ሴቶች ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አዩ። ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ይንሳፈፋሉ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈው ያ ቀንድ አውጣ ነው። በዚያ ግኝት በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት ተቀበሉ። የሳቸው ትልቅነት ቆም ብለው ማየታቸው ነው። እንዶዱን የሚያውቁት ግን እነዚያ አጣቢዎች ናቸው። አያቴም ነጠላዋን በእንዶድ ነበር የምታጥበው፣ ከሷ በታች ውሃው ውስጥ ምን እንደሚሆን ግን አንድ ቀን እንኳን አላየሁም። ብዙ ነገር ሳልጠይቃት ነው የሄደችው፣ ይሄ ይቆጨኛል። አያት ያላችሁ፣ እናት ያላችሁ፣ ዛሬ ደውሉና ጠይቁ። ወተት ዕቃ በምን ነበር የምታጥኑት በሉ። እኔ ጋ ድምፃችሁን ቀድታችሁ ላኩልኝ፣ እሰማዋለሁ።

ትናንት ማታ ቅሉን ካጠንኩ በኋላ ከሱቅ የገዛሁትን የላስቲክ ወተት ገለበጥኩበት። መስኮቱን ከፍቼ ነው ያጠንኩት፣ ቤት ውስጥ ስታጥኑ እባካችሁ መስኮት ክፈቱ። ዛሬ ጠዋት አንድ ብርጭቆ ቀድቼ ለእማማ ወሰድኩላቸው። ቀመሱና ዝም አሉ። ከዚያ "ወይራ ነው?" አሉኝ። አዎ አልኳቸው። "ማን አሳየሽ?" አሉ። አያቴ ስላቸው ብርጭቆውን እስከ ታች ጨረሱት።

ከነገ ወዲያ ጾመ ነቢያት ይገባል። ስለዚህ የቀረውን ወተት እስከ ነገ መጨረስ አለብን፣ እማማም ለልጅ ልጆቻቸው ይዘሽ ነይ ብለውኛል። ከዚያ ቅሉን በግራዋ አጥቤ፣ በረንዳው ላይ አድርቄ፣ ለገና አስቀምጠዋለሁ።

በሉ ደህና ዋሉልኝ።