ፍሬውን ሳይሆን እናቱን እዩ

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ልጆቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ቅርንጫፍ አስቀምጫለሁ። ሁለቱንም ዛሬ ማለዳ የቆረጥኳቸው ከደብረ ሲና ቁልቁል ካለው ተዳፋት ነው። እዚያ ተቀምጣችሁ ስታዩዋቸው አንድ ናቸው። ቅጠላቸው ፊት ለፊት ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይወጣል፣ ያብረቀርቃል። ፍሬያቸው ሲበስል ይጠቁራል። ሲሰበሩ ሁለቱም ነጭ ወተት ያወጣሉ። አበባቸው ነጭ ነው፣ ሽታውም ደስ ይላል።

አንዱ አጋም ነው። እዚህ ከተቀመጣችሁት ወላጆች መካከል አጋም ሳይበላ ያደገ ያለ አይመስለኝም። ሌላው ምረንዝ ነው። የምሥራቅ አፍሪካ አዳኞች ለቀስታቸው መርዝ የሚያወጡት ከዚህና ከዘመዶቹ ነው።

ባለፈው ዓመት የትምህርት ዕረፍት ላይ የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ እኛ ጋ መጥቶ ነበር። 9 ዓመቱ ነው። ከሰዓት በኋላ እጁን ጨብጦ እየሮጠ መጣ። «ጋሼ፣ አጋም አገኘሁ!» አለኝ። እጁን ሲከፍተው ልቤ ቆመ። ምረንዝ ነው። ገና አልቀመሰም ነበር፣ እግዚአብሔር ይመስገን። «አጋም መሆኑን በምን አወቅክ?» አልኩት። ስልክ ላይ ፎቶ አይቷል። ፎቶውን አሳየኝ። ጥቋቁር ፍሬ በሰው መዳፍ ላይ። ቅጠል የለም፣ ግንድ የለም፣ ምንም የለም።

ልጁ አልተሳሳተም። የተሰጠው ትምህርት ነው ጎደሎ።

እኔ ልጅ ሆኜ ከብት ስጠብቅ ወንድም ጋሼ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቀኝ ነበር። ፍሬ ይዤ ስመጣ «እሾሁ የታል?» ይለኛል። መልሶ ወደ ቁጥቋጦው ይወስደኛል። እሾሁን ካላሳየሁት አያስበላኝም። ያኔ ጭካኔ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ ከዚያ በኋላ በትምህርት ቤት ከተማርኩት ሁሉ የሚበልጠውን የዕፅዋት ትምህርት ያገኘሁት ከእሱ ነው። ፍሬ ይመሳሰላል። እናቱ ግን አትመሳሰልም። ስለዚህ ከመቁረጣችሁ በፊት እናቱን እዩ። ግንዷን፣ እሾሿን፣ ቅጠሏን፣ ፍሬው የተንጠለጠለበትን ቦታ።

ይህንን እኮ አባቶቻችን በተረት አስቀምጠውልናል። «አጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል» እንላለን። ቁልቋሉ ለምን ያለቅሳል? አጋሙ በእሾሁ ስለሚወጋው ነው። እንባው ያ ነጭ ወተት ነው። እዩ፣ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ተክል መለያው ተቀምጧል። ምረንዝ እሾህ የለውም። ምረንዝ የተጠጋ ቁልቋል አያለቅስም።

ልጆች፣ ቀረብ ብላችሁ ስታዩ ሌላም ልዩነት ታገኛላችሁ። የአጋም ቅጠል ትንሽ ነው። አበባው ቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ይሰበሰባል። የምረንዝ ቅጠል ተለቅ ያለ፣ ወፍራም፣ እንደ ቆዳ ጠንከር ያለ ነው፣ ጫፉ ይሾላል። አበባውና ፍሬው ቅጠሉ ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት ብብት ውስጥ ይሸጎጣሉ።

መርዙ ኡዋባይን ይባላል። ስሙ የመጣው ሱማሌዎች ለቀስት መርዝ ከሚጠሩበት ቃል ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 አርኖ የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት ለይቶ አወጣው። የሚያጠቃው ልብን ነው፣ ምቱን ያዛባል። በአካባቢያችን ሀገራት የምትኖር ረጅም ጠጉር ያላት አይጥ አለች። የምረንዝን ቅርፊት ታኝክና ምራቋን ጎኗ ላይ ባለው ጠጉር ትቀባለች። የነከሳት ውሻ ይታመማል፣ አንዳንዱም ይሞታል። ተመራማሪዎች ይህን እ.ኤ.አ. በ2011 ጽፈውታል። አይጧ እንኳ ተክሉን ለይታ ታውቃለች።

«የበሰለውን ልጅ ሆነን በልተናል፣ ምንም አልሆንንም» የሚሉ አሉ። እሰማለሁ። በአንዳንድ አካባቢ በደንብ የበሰለውን ሥጋውን ብቻ የሚበሉ ሰዎች አሉ። ጥሬው ግን መርዝ ነው፣ ዘሩም መርዝ ነው። የ9 ዓመት ልጅ ግን ዘሩን ለይቶ ይተፋል፣ መብሰሉንም በትክክል ያውቃል ብዬ አልጠብቅም። እኔ አልበላውም፣ ልጄንም አላስበላም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጠንቀቅ። ነገ «መምህር እሾህ ያለው ይበላል ብሎናል» እንዳትሉ። ያ ለአጋም ብቻ ነው። ቆሽምን ተመልከቱ። እሾሃማ ነው፣ ፍሬው ሲበስል ቢጫ ነው፣ ኮምጠጥ ይላል፣ ይበላል። እምቧይም እሾህ አለው፣ ፍሬውም ቢጫ ነው። አይበላም፣ ያምማል። ታዲያ በምን ይለያል? እናቱን እዩ። ቆሽም ከፍ ያለ ነው፣ ቅጠሉ ያብረቀርቃል። እምቧይ ዝቅ ያለ ነው፣ ቅጠሉ ግራጫማ ሆኖ ሲነኩት እንደ ከፋይ ይለሰልሳል። ፍሬው ላይ ደግሞ ልክ እንደ ደበርጃን የተጣበቀ ቆብ አለው። ሲቆረጥ ውስጡ በዘር የታጨቀ ነው። ልጆች እንደ ኳስ ትጫወቱበታላችሁ። ተጫወቱ፣ ከዚያ እጃችሁን ታጠቡ።

አውጥ ደግሞ ከሁሉም ይለያል። እሱ መንታው ሌላ ተክል አይደለም፣ ራሱ ነው። ጥቁሩን ፍሬ እረኛ ይበላዋል። አረንጓዴው ግን በዚያው ዘለላ ላይ ሆኖ መርዝ አለበት።

ሌላ የምሰማው ነገር «ወፍ የበላው ለሰው ይሆናል» የሚለው ነው። አይሆንም። ወፍ ፍሬውን ትውጣለች፣ ዘሩን ሳታኝክ ትጥላለች፣ ሆዷም እንደኛ አይደለም። አጥር ላይ የምትተክሉት ያ ቀይና ቢጫ አበባ ያለው ስሙ የወፍ ቆሎ ነው። ቆሎ ለሚያውቅ የደብረ ሲና ልጅ ስሙ በጣም ያጓጓል። ግን የወፍ ነው የተባለው። አረንጓዴ ፍሬው ያሳምማል፣ ቅጠሉም ከብት ይጎዳል።

እናቶች፣ አስተናግርን ለእናንተ ነው የማነሳው። አንዳንዶች አጤ ፋሪስ ይሉታል። ፍግ ባለበት፣ አጥር ሥር፣ መንገድ ዳር ይበቅላል። ለጋ ሲሆን ከዱር ጎመን ጋር አብሮ ሊቆረጥ ይችላል። ዘሩም ሲታጨድ እህል ውስጥ ይገባል። የበላው ሰው አፉ ይደርቃል፣ ሰውነቱ ይግላል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ከሌለ ሰው ጋር ያወራል። ስሙ ከዚያ ነው የመጣው። ጋኔን ያዘው ተብሎ ቤት ተይዞ እንዳይውል። መለያው ጥሩምባ የመሰለ ረጅም ነጭ አበባ፣ እሾህ የለበሰ ፍሬ፣ ቅጠሉ ሲታሽ የሚከረፋ ሽታ ነው። ለጋው አበባ ስለሌለው ሽታውን እመኑ። ያልለያችሁትን ቅጠል ድስት ውስጥ አትጨምሩ።

እንዶድን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ለልብስ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ አጠገብ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ቢልሃርዚያ የሚተላለፈው በቀንድ አውጣ በኩል ስለሆነ፣ በሽታውን የመከላከል ምርምሩ የጀመረው ከዚያ ነው። ቀንድ አውጣ የሚገድል ፍሬ ለልጅ ሆድ አይሆንም።

ይህን ሁሉ የምናገረው ልጆችን ከዱር ለማስፈራራት አይደለም። «ከጫካ ምንም አትንኩ» የሚለውን ምክር አልወደውም። ከፍ ሲል፣ በጓሳ በኩል፣ ሳማን ቀቅሎ በልቶ ክፉ ቀን ያሳለፈ ቤተሰብ አለ። ቀጋ አለ፣ ውስጡ ያለው ጠጉር ጉሮሮ ስለሚያሳክክ ጠርጎ መብላት ነው እንጂ። እንጆሪ አለ። ወደ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ ቁርቁራ አለ። ይህ ዕውቀት ከእረኛ ወደ እረኛ ይሄድ ነበር። አሁን ልጆቻችን ተማሪ ናቸው፣ ይህም ደስ ይለኛል። ታዲያ «እሾሁ የታል?» ብሎ የሚጠይቃቸው ማነው?

አንድ ልጅ ያልታወቀ ነገር ቢበላ አትቆጡት። ከተቆጣችሁት ይዋሻል፣ ውሸቱ ጊዜ ይበላል። አፉ ውስጥ የቀረውን አስተፉት፣ በውሃ ያጉመጥመጥ። ጣት ከታችሁ አታስመልሱት። ወተትና ቅቤ እየጋታችሁ አትዘግዩ፣ ራሱን ከሳተ ደግሞ ምንም በአፉ አትስጡት። ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ። ቅርንጫፉን ከነቅጠሉና ከነፍሬው ይዛችሁ ሂዱ፣ ለሐኪሙ ትልቅ እርዳታ ነው። የቁልቋል ወተት ዓይን ውስጥ ከገባም ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በብዙ ንጹህ ውሃ እጠቡና ወደ ሐኪም ውሰዱት።

ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ተማሪዎችን ይዤ ወደ ተዳፋቱ እወርዳለሁ። ከብት ጠብቃችሁ ያደጋችሁ አባቶችና እናቶች አብራችሁን ብትመጡ እኔ ዝም ብዬ እሰማለሁ፣ እናንተ ታስተምራላችሁ። አሁን ልጆች በየተራ ኑና ሁለቱን ቅርንጫፎች እዩ። እሾሁን ፈልጉ። ምረንዙን በባዶ እጅ አትንኩት፣ የነካም ካለ ውሃውና ሳሙናው በሩ አጠገብ ነው።